የሙራቃባት ሰማያዊ ነጥብ

ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ፣ አል ሙራቃባት ሰፈር የሀበሻ ምግብ ቤት ለሚፈልግ አዲስ መጪ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ «ሎኬሽን ልኬልሃለሁ።» ሰውየው ሳላሃዲን ሜትሮ ጣቢያ ይወርዳል፤ ከምድር ሥር ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ካርታውን ይከፍታል። ሰማያዊዋ ነጥብ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሕንፃ ላይ ታርፋለች፣ ትንሽ ቆይታ ወደ ሌላ ትዘላለች። ዙሪያዋን የከበባት ፈዛዛ ክብ ይሰፋል፣ ይጠባል። ሶፍትዌሩ በዚያ ክብ «እዚህ አካባቢ መሰለኝ» እያለ ነው፤ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው። ባለቤቱ ያለበትን ሁኔታ አይቶ ራሱን ስለሚያስማማ መተግበሪያ የሚወራው ተረት ብዙው ይህን ክብ ካለማየት ይመጣል።

ተረት፦ «ሳተላይቱ ያየኛል።»

እውነታ፦ አያይም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያሠራጫሉ እንጂ ከስልክ የሚቀበሉት ነገር የለም። ስልኩ ቢያንስ የአራቱን ምልክት ሰምቶ፣ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ቦታውን ራሱ ያሰላል። ለዚህ ኢንተርኔት እንኳ የግድ አይደለም። ቦታውን ለሌላ ወገን የሚያሳብቀው ስልኩ ላይ የጫንነው መተግበሪያ ነው። ነጥቧ የምትዘለው ደግሞ ምልክቱ ከሕንፃ ግድግዳ ተንጸባርቆ ስለሚዘገይ ነው፤ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ መዘግየት የ300 ሜትር ስህተት ነው። ምግብ የሚያደርስ ሰው ነጥቧ ስትዋዥቅበት በሕንፃው መግቢያ ላይ የተለጠፈውን ባለ10 አሃዝ የአድራሻ ቁጥር፣ መካኒን፣ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ተረት፦ «ሎኬሽን ካጠፋሁ የት እንዳለሁ ማንም አያውቅም።»

እውነታ፦ ሲም ካርዱ እስከሠራ ድረስ የቴሌ ኩባንያው በየትኛው አንቴና ሥር እንዳሉ ያውቃል። የሚከፍቱት ድረ ገጽም ቢያንስ አገርዎን ይገምታል።

ተረት፦ «ቦታው ከታወቀ ሰውዬው ታወቀ።»

ብዙ ሶፍትዌር ሠሪዎችን የሚያሳስተው ይሄኛው ነው። ሁኔታን አይቶ ራሱን የሚያስማማ ሶፍትዌር ጀማሪዎች እነ ቢል ሺሊት በ1994 እ.ኤ.አ. ሲጽፉ እንኳ ቦታን ብቻ አላነሡም፤ ከማን ጋር እንዳለህና በአቅራቢያህ ምን እንዳለም ቆጥረዋል። አዲሱን መጪ እንየው። የኢትዮጵያ ሲሙን በሮሚንግ ከከፈተ፣ ኢንተርኔቱ አብዛኛውን ጊዜ በአገር ቤቱ ኔትወርክ ዞሮ ስለሚያልፍ ድረ ገጹ «አዲስ አበባ ነህ» ይለዋል፤ ጂፒኤሱ ዱባይ ይላል። የኤምሬትስ ሲም ሲያስገባ ገጹ በዐረብኛ ይከፈትለታል፤ ስልኩን ግን በገዛ እጁ በአማርኛ አድርጎታል። ባለቤቱ ራሱ የተናገረውን ትቶ አገሩን ቋንቋ ብሎ መተርጎም፣ በእኔ ግምት፣ ስንፍና ነው። አገር ምንም አይለውጥም ማለት ግን አይደለም፦ አዲስ አበባ ላይ በዋትስአፕ የሚደወለው ጥሪ ኤምሬትስ ውስጥ ለዓመታት ታግዶ ኖሯል፤ ሀበሻውን ቦቲም ወደተባለው የጥሪ መተግበሪያ የወሰደውም ይኸው ነው።

ተረት፦ «ሴንሰሩ በበዛ ቁጥር ብልህ ይሆናል።»

እውነታ፦ ባትሪ ይጨርሳል። ሥራውን የሚያውቅ ሠሪ እንቅስቃሴ የሚለካውን ትንሹን ሴንሰር ብቻ ነቅቶ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ጂፒኤሱን የሚቀሰቅሰው ሰውዬው ሲነሣ ነው።

ተረት፦ «ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ያስተካክለዋል።»

እውነታ፦ የአንድ ሰዓት ልዩነቱን አዎ፤ ዱባይ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ግን አዲስ አበባ ያለች እናት «ልጄ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደውዪልኝ» ብላ ብትጽፍና ዱባይ ያለችው ልጇ ማስታወሻው ላይ 2:00 ብላ ብታስገባ፣ ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ቆጥሮ ወይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይቀሰቅሳታል ወይ በጠራራ ፀሐይ ይጮኻል። ስልኩ በአማርኛ፣ የምትደውልለት ቁጥር በ251 የሚጀምር፤ ፍንጩ ሁሉ እጁ ላይ ነበር። በደንብ የተሠራ መተግበሪያ እነዚህን አይቶ ዝም ብሎ አይወስንም፣ አንድ መስመር ይጠይቃል፦ «በአዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት ማለትዎ ነው? እዚህ ማታ 3 ሰዓት ይሆናል።»