ለስላሳውና ጠንካራው እርሳስ

አቃቂ ቃሊቲ የከባድ መኪና ሰፈር ነው። ከጅቡቲ መስመር የሚመጣው ተሳቢ እዚህ ይቆማል፤ ጎማው ጎሚስታ ጋ ይጠገናል፣ ያረጀው ባትሪ ይወርዳል። አንድ ከባድ መኪና 24 ቮልት ለማግኘት ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይይዛል፤ የባትሪው ክብደት ከግማሽ በላዩ እርሳስ ነው። ስለዚህ በቆራሌው ጆንያ ውስጥ፣ ከብረቱና ከአሉሚኒየሙ መሐል፣ ግራጫ ከባድ ቁራጭ አይጠፋም። ሁሉም እርሳስ ይባላል፤ ባሕርዩ ግን ይለያያል።

ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ በጥፍር ይጫራል፣ ስስ ከሆነ በእጅ ይታጠፋል። የራጅ ክፍል ግድግዳ የሚሸፈነው በዚህ ነው። አንቲሞኒ የተባለ ንጥረ ነገር ጥቂት በመቶ ሲጨመርበት ይጠነክራል፤ የብዙ ባትሪ ፍርግርግ ቅርጹን የሚይዘው በዚሁ ነው። የጎማ ሚዛን ለማስተካከል ጠርዙ ላይ የሚመታው የእርሳስ ክብደትም አንቲሞኒ አለበት። ከሁሉም የሚጠነክረው የድሮ ማተሚያ ቤት ፊደል ነው፤ ላይኖታይፕ በተባለው የማተሚያ ቤት መሣሪያ የሚፈስሰው እርሳስ 12 በመቶ ያህል አንቲሞኒና 4 በመቶ ያህል ቆርቆሮ አለበት።

ልዩነቱ ለጥይትም ትልቅ ጉዳይ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ድረስ ይዞት የመጣው ስናይደር ጠመንጃ የሚተኩሰው ለስላሳ እርሳስ ነው። እርሳሱ ሲተኮስ ሰፍቶ በአፈሙዙ ውስጥ ያለውን ጥምዝ መያዝ ነበረበት፤ ጠንካራ ቢሆን እንደዚያ አይሰፋም።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ጥፍር የመጀመሪያው ፍተሻ ነው። ሲሚንቶ ላይ ሲጣል ለስላሳው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ጠንካራው በመጠኑ ያቃጭላል። ሁለቱም ግምት ናቸው። ከእነዚህ ይልቅ እኔ የማምነው የኩሽኔታ ኳስን ነው። ንጹሕ መሆኑ የታወቀ ቁራጭና የሚፈተሸው ቁራጭ መሐል አንዲት የኩሽኔታ ኳስ ይደረግና በሞርሳ ይጠበቃል። ኳሷ ሁለቱንም በእኩል ኃይል ስለምትጫን፣ ሰፊ ጎድጓዳ የተወበት ለስላሳው ነው። የንጹሕ እርሳስ ጥንካሬ በብሪኔል መለኪያ 5 ያህል ነው። በንጹሑ ላይ የጎድጓዳው ስፋት 6 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሁለቱም ቁጥሮች በራሳቸው ይባዙና 36 ለ16 ይካፈላል፤ ውጤቱ በ5 ሲባዛ 11 ገደማ ይመጣል። ያ ቁራጭ አንቲሞኒ ሳይኖርበት አይቀርም።

አንድ ወጥመድ አለ። አንቲሞኒ ያለበት እርሳስ ቀልጦ እንደ ረጋ ለስለስ ብሎ ይታያል፣ ከቀናት በኋላ ይጠነክራል፤ ገና እንደጋለ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። ስለዚህ ዛሬ የፈሰሰውን ዛሬ መለካት ያሳስታል። ሌላው ዚንክ ነው። የዛሬ የጎማ ክብደቶች ብዙዎቹ ዚንክ ወይም ብረት ናቸው፤ ብረቱን ማግኔት ይይዘዋል፣ ዚንኩ ግን በ420 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ሙቀቱ ከፍ ካለ ወደ እርሳሱ ገብቶ ያበላሸዋል።

ይህ ሁሉ ግን ባትሪ ሰብሮ ጓሮ ውስጥ ለማቅለጥ ፈቃድ አይሰጥም። ሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ ባለችው ቲያሮይ ሱር ሜር፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞተዋል፤ ሰፈሩ ከባትሪ በወጣ እርሳስ ተበክሎ ነበር። የእርሳስ አቧራ በእጅ፣ በልብስና በጫማ ቤት ይገባል፤ በተለይም የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ያረጀ ባትሪ ያላችሁ፣ እባካችሁ አሲዱን ሳታፈሱ፣ ሳትሰብሩ፣ ሙሉውን አስረክቡ፤ በሥራው ላይ ያላችሁም ሕፃን አቅፋችሁ ከመሳማችሁ በፊት ልብሳችሁን ለውጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ።