ለፍሳሽ ማጣሪያ የሚነፋው አየርና የበዓላት ቀመር

በየዓመቱ ለልደት በዓል ወደ ቅዱስ ላሊበላ የሚመጣው ምእመን ከከተማዋ ነዋሪ ቁጥር እጅግ ይበልጣል። እንግዳን ተቀብሎ ውኃ ማጠጣትና እግሩን ማጠብ ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ነው። የታጠብንበት ውኃ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን የምንጠይቀው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ከዓለት የተፈለፈሉት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በእርጥበት እንደሚጎዱ ይታወቃል፤ ቁልቁል የሚወርደውም ፍሳሽ በታች ላለው ገበሬ ምንጭና ወንዝ ስጋት ነው። ስለዚህ የፍሳሽ ጉዳይ የቅርሱም የጤናውም ጉዳይ ነው።

በዚህ እትም በዓለም ላይ እየተስፋፋ ስላለ አንድ የማጣሪያ ዘዴ እናብራራለን። ዓላማችን ነገ በየደብሩ ይተከል ለማለት ሳይሆን፣ ሰበካ ጉባኤያት እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲቀርብላቸው አስተውለው እንዲመዝኑት ለመርዳት ነው።

በዘዴው ፍሳሹ በመጀመሪያ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደሚኖሩበት ገንዳ ይገባል፤ እነርሱም ቆሻሻውን ይመገቡታል። ከዚያም ውኃው ሜምብሬን በሚባል ስስ ወንፊት ያልፋል። የወንፊቱ ቀዳዳዎች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ዝቃጩንና አብዛኛውን ባክቴሪያ ያስቀራሉ። በሀገራችን ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሥራ በሐዋሳ ይገኛል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹ ወደ ሐይቁ እንዳይለቀቅ፣ ውኃው በሜምብሬን ጭምር ተጣርቶ ተመልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል ታስቦ የተሠራ ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ወጪ አየር ነው። አየሩ ሁለት ሥራ አለው። ደቃቅ አረፋዎች ለተሕዋስያኑ ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ ተለቅ ያሉት አረፋዎች ደግሞ ሜምብሬኑን እየፈተጉ እንዳይደፈን ያደርጋሉ። አየሩ ካነሰ ተሕዋስያኑ ይታፈናሉ፤ ገንዳው ይሸታል፤ ወንፊቱም ይደፈናል። ከበዛ ደግሞ ኤሌክትሪክ በከንቱ ይባክናል፤ የተያያዘው ዝቃጭም ተበታትኖ ወንፊቱን ይብስ ይደፍነዋል። በብዙ ጣቢያዎች ከኤሌክትሪክ ፍጆታው ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ለአየር መንፊያው የሚውል ነው።

በላስታ ደጋ ነገሩ ይከብዳል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ዳርቻ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ንጹሕ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በዚህ ከፍታ 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለተመሳሳይ ውጤት ተጨማሪ አየር መንፋት ያስፈልጋል።

ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ዘዴ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ልምድ ያላት እንጀራ ጋጋሪ የምጣዱን ሙቀት በመሣሪያ አትለካም፤ ብዙ ጊዜ ስለጋገረች ግን እሳቱን መቼ መቀነስ፣ መቼ መጨመር እንዳለባት ታውቃለች። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ካለፉት መዝገቦች ይማራል። ወደ ጣቢያው የገባው ፍሳሽ ምን ያህል ነበር? በውኃው ውስጥ የነበረው ኦክስጅንና አሞኒያስ? ውኃውን በወንፊቱ ለማሳለፍ ምን ያህል ግፊት አስፈለገ? እነዚህን እያነጻጸረ በሚቀጥሉት ሰዓታት የሚያስፈልገውን አየር ይገምታል፤ የመንፊያውንም ፍጥነት በዚያው ልክ ያስተካክላል።

ይሁን እንጂ ማሽኑ የሚያውቀው ያስተማሩትን ብቻ ነው። የዘወትር ቀናትን መዝገብ ብቻ ያየ ማሽን የልደት ዋዜማ ሲደርስ ይደናገራል። ሴንሰሮች የሚናገሩት ፍሳሹ ከደረሰ በኋላ ሲሆን፣ ተሕዋስያኑ ለበዛው ሥራ ለመብዛት ቀናት ያስፈልጓቸዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ይህን ዕውቀት የያዙት ደግሞ ካህናቱ ናቸው። ልደት ታኅሣሥ 29 ቢውልም በዘመነ ዮሐንስ በ28 ይከበራል። የቅዱስ ላሊበላ በዓል ሰኔ 12 ነው። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል። ባሕረ ሐሳብን ያላካተተ ማሽን ለላሊበላ ጎዶሎ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከተማዋ ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቆየቷን ሁላችንም እናስታውሳለን። መብራት ሲጠፋ አየር መንፊያው ይቆማል፤ አየር ያጡት ተሕዋስያንም ይዳከማሉ። የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ማሽኑ ኤሌክትሪክ አይፈጥርም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ይዞ ለሚመጣ አካል ሰበካ ጉባኤው አራት ጥያቄዎችን እንዲያቀርብ እንመክራለን። ከርክክብ በኋላ የኤሌክትሪኩን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው? መብራት ሲቋረጥ ፍሳሹ የት ይቆያል? ሜምብሬኑን በኬሚካል የሚያጥበውና ሲያረጅ የሚተካው ማን ነው? ሴንሰሩ ቆሽሾ የተሳሳተ ቁጥር ቢሰጥ ባለሙያው ማሽኑን ትቶ አየሩን በእጁ ማስተካከል ይችላልን? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ ያልተገኘለት ሥራ ከምረቃው ማግስት ሸክም ይሆናል።

የተጣራውም ውኃ ለመጠጥ ወይም ለጠበል የሚውል አይደለም፤ በውኃው የሟሟ ነገር በወንፊቱ ሊያልፍ ይችላልና። በጥንቃቄ ተመርምሮ ለዛፍ ችግኝ ማጠጫ ቢውል ግን መልካም ነው፤ እርጥበቱ ወደ ዓለቱ ሥር እንዳይሰርግ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ራቅ ባለ ስፍራ ይሁን።

ምንጭን ማጎልበትና በቂ መጸዳጃ ቤት መሥራት ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ከወዲሁ ያለ ብዙ ወጪ ሊጀመር የሚችለው ደግሞ መዝገብ ነው። አንድ ጸሐፊ ተመድቦ የውኃ ቆጣሪውን ንባብ፣ የእንግዳውን ግምት፣ መብራት የጠፋበትን ሰዓትና የዕለቱን በዓል በየቀኑ ይጻፍ። ይህ መዝገብ ዛሬ ለበዓሉ የሚበቃውን ውኃና መጸዳጃ ለማቀድ ያገለግላል፤ ነገ ጣቢያ ቢተከል ማሽኑ የላሊበላን ነገር የሚማረው ከእርሱ ነው።