ከግንባታው በኋላ የመጣ ፈቃድ

ክረምቱ አልፎ ኦሞ ሲጎድል፣ ከደጋው ጠርጎ ያመጣውን ደለል በዳርቻው ላይ ትቶ ይሄዳል። የካሮ፣ የሙርሲ፣ የኛንጋቶምና የዳሰነች ሰዎች ጭቃው ሳይደርቅ በሾለ እንጨት እየወጉ፣ በየቀዳዳው ጥቂት የማሽላ ፍሬ ይጥላሉ፤ ከዚያም አፈር ይመልሱበታል። በሬ አይጠመድም፣ ማዳበሪያም አይገዛም። ማሽላው የሚበቅለው ደለሉ በያዘው እርጥበት ነው። ዝናብ በማይታመንበት በዚህ ቆላ ውኃ ሸሽ እርሻ ከከብቱ ጋር የኑሮ ምሰሶ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ በኦሞ ሙላት ላይ የሚወሰን ማንኛውም ነገር በእነዚህ ሰዎች ጓዳ ላይ የሚወሰን ነው።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መንግሥት ከጣሊያኑ ሳሊኒ ኩባንያ ጋር በኦሞ ላይ የሚሠራውን የጊቤ ሦስት ግድብ የግንባታ ውል ያለ ጨረታ ተፈራረመ፤ ሥራውም ተጀመረ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የግድቡን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ያጸደቀው ግን በሐምሌ 2000 ነው፤ ሁለት ዓመት ዘግይቶ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ በዕቅዱና በአፈጻጸሙ እንዲመክር፣ በአንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይፈናቀል መብት ሰጥቷል። ሕጉ አልጎደለንም፤ የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው።

ቅደም ተከተል ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ግድቡ በወረቀት ላይ ሳለ የሚደረግ ጥናት «እዚህ ይሁን ወይ? ቁመቱ ምን ያህል ይሁን? ስንት ውኃ ይለፍ?» ብሎ ይጠይቃል። ማሽኑ ተራራውን መቆፈር ከጀመረ በኋላ የሚመጣ ጥናት ግን ጉዳቱን እንዴት እናቅልል ከማለት አያልፍም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ግድቡ አያስፈልግም ነበር ማለቴ አይደለም። ከ240 ሜትር በላይ ቁመት ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ ሦስት፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ሲመረቅ አገሪቱ ለተጠማችው ኃይል ትልቅ ምላሽ ነበር። ውሉ በተፈረመ በሳምንታት ውስጥ፣ በነሐሴ 1998፣ ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ግድቡ ጎርፉን ይገታል የሚለው መከራከሪያ ዘመዱን ለቀበረ ሰው ባዶ ወሬ አልነበረም። ነገር ግን የሚገድለውም የሚያበላውም ያው ሙላት ነው። ሁለቱን ለመለየት የተሰጠው ተስፋ በየዓመቱ ለቀናት ውኃ እየለቀቁ ሰው ሠራሽ ሙላት መፍጠር ነበር። ስንት ውኃ? በማን ትእዛዝ? ባይለቀቅስ ማን ይካሳል? እነዚህ ጥያቄዎች አስቀድሞ መልስ ማግኘት ነበረባቸው። በጥር 2007 የግድቡ ሐይቅ መሙላት ሲጀምር ግን የወንዙ ዳርቻ የለመደው ሙላት በተከታዮቹ ዓመታት ቀረበት።

በዚህ ላይ ስኳር ተጨመረ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በጥር 2003 ጂንካ ላይ ያበሰሩት የኦሞ ኩራዝ የሸንኮራ አገዳ ልማት ዕቅድ በመጀመሪያ 245,000 ሄክታር ይሸፍናል ተብሎ ነበር። የግድቡ ግምገማ ሲጸድቅ ይህ ዕቅድ ገና አልተነገረም። ወንዙ ግን አንድ ነው፤ ጫናውን ለየብቻ አይሸከምም። ኦሞ የቱርካና ሐይቅን ውኃ 90 በመቶ ያህል ስለሚመግብ ጉዳዩ ድንበር ተሻገረ፤ ዩኔስኮም በሰኔ 2010 የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኦሞና ቱርካና ሞልተው የዳሰነች መንደሮችን አስጥመዋል። በዘር ወቅት የተናፈቀው ውኃ ደጃፍ ድረስ መጣ። ከጊቤ ሦስት በታች ደግሞ ኮይሻ የተባለ ሌላ ግድብ እየተገነባ ነው።

ግድቡን መልሶ ማፍረስ አይቻልም። ውኃው መቼና ምን ያህል እንደሚለቀቅ ግን በየዓመቱ የሚወሰን ነገር ነው፤ ስለዚህ ምክክሩም በየዓመቱ ሊደረግ ይችላል። የአለቃቀቁ ዕቅድ ለዳሰነቹም ለሙርሲውም በቋንቋው ይነገረው፤ ሽማግሌዎቹና ገበሬ ሴቶቹ ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት በሸንጎው ይቀመጡ። የኦሞ ሰው ይህን ከእርሻው ያውቀዋል፤ ደለሉ ከደረቀ በኋላ እንጨቱ አይገባም፣ ዘሩም አይበቅልም። ሕዝብን መጠየቅም የሚያፈራው ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ነው።