ማቆያው የጨርቅ ዳይፐር ለምን አይቀበልም?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ልጁ አራት ወር ገደማ ሲሆነው እናቱ ቢሮ ትገባለች፤ አያት ወይም ሠራተኛ ቤት ከሌለ እሱም ወደ ሕፃናት ማቆያ ይሄዳል። ዳይፐር ለመተው ግን ገና ሁለት ዓመት ያህል ይቀረዋል። ልጁ ማቆያ እስኪገባ ድረስ ቤት ውስጥ ጨርቅ ሲጠቀሙ የቆዩ ወላጆች ብዙ ጊዜ ይህን ልማዳቸውን የሚተዉት ማቆያው በር ላይ ነው፤ «የሚጣለውን ይዛችሁ ኑ» ይባላሉ። ምክንያቱ ንጽሕና ነው። ንጽሕና ደግሞ ማንም የማይከራከርበት ቃል ስለሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይሁን እንጂ ክልከላው ሲመረመር ያን ያህል ጽኑ መሠረት የለውም። የማቆያን ንጽሕና የሚወስነው ከዳይፐሩ ዓይነት ይልቅ የአቀያየሩ ሥርዓት ነው።

ጥያቄው አሜሪካ ውስጥ በጥናት ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ1991 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የሚጣል ዳይፐር በሚጠቀሙ ክፍሎች የሰገራ ብክለት አነስ ብሎ አግኝቷል። የጨርቅ ተቃዋሚዎች የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ነገር ግን ያው ጥናት ከዳይፐሩ በላይ ልብስ መልበስም ብክለቱን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ይህን ክፍል የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። የአገሪቱ ብሔራዊ የማቆያ ጤናና ደኅንነት መመሪያም ጨርቅን አይከለክልም፤ ቅድመ ሁኔታ ግን ያስቀምጣል። ሽንት የሚመጠው ጨርቅ ውኃ በማያሳልፍ ሽፋን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ሲቀየርም ሽፋኑና ጨርቁ አብረው ይወልቃሉ እንጂ ሽፋኑ ተመልሶ አይደረግም። ዋናው ነጥብ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ሞግዚቷ የቆሸሸውን ጨርቅ አታለቀልቅም፣ አትዘፈዝፍም፣ አታራግፍም። እንዳለ ፌስታል ውስጥ ከትታ ትቋጥረዋለች፤ ማታ ከልጁ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጀርም የሚረጨው ሲታጠብና ሲራገፍ ነው። እንዲህ ከተሠራ የሞግዚቷ ሥራ የሚጣለውን ከመቀየር የሚለየው ቋጠሮው ቅርጫት ውስጥ በመግባት ፈንታ ቦርሳ ውስጥ በመግባቱ ብቻ ነው። እጅን በሳሙና መታጠብና መቀየሪያውን በበረኪና መወልወል ለሁለቱም ያው ግዴታ ነው።

ከንጽሕናው የበለጠ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ የሰው ኃይል ነው። የሚጣለው ዳይፐር ውስጥ ሽንቱን ወደ ጄል የሚለውጥ ንጥረ ነገር ስላለ ልጁ ረዘም ላለ ጊዜ ደረቅ ይቆያል። ጨርቅ ይህ የለውም፤ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተቀየረ ይረጥባል፣ ቆዳም ይላጣል። አንዲት ሞግዚት ብዙ ሕፃናት በያዘችበት ማቆያ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ችግሩ ግን የጨርቁ ነው ወይስ የማቆያው? (ጄሉ ዝም ብሎ የሚሸፍነውን ቸልተኝነት ጨርቅ ያጋልጣል፤ አንዳንድ ማቆያ የሚሸሸው ይህንንም ሳይሆን አይቀርም።) ሰገራ ያለበት ዳይፐር ግን ጨርቅም ሆነ የሚጣል ወዲያው መቀየር አለበት።

እጥበቱስ? የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስወጣው ጥናት ጨርቅና የሚጣል ዳይፐር በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ተቀራራቢ ነው ብሎ ነበር፤ በ2023 የወጣው አዲሱ ግን የጨርቁ 25 በመቶ ያህል እንደሚያንስ አስልቷል። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ሒሳቡን የሚያበላሸው የአስተጣጠቡ መንገድ መሆኑን ነው፦ በጣም የፈላ ውኃ፣ ያልሞላ ማሽን፣ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ። አዲስ አበባ ውስጥ ልብስ የሚደርቀው ገመድ ላይ በፀሐይ ነው፤ ኤሌክትሪካችንም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። በዚህ በኩል የእኛ እናቶች ከለንደን እናቶች ይሻላሉ። በውኃ በኩል ግን አይሻሉም። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየሁለት ቀኑ ዳይፐር እጠቡ ማለት ቀልድ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት የሚጣለውን ቢጠቀም ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ክረምትም ጨርቅ እንደልብ አይደርቅም። ደግሞ የሚያጥበው ማን ነው? ቀኑን ሙሉ ሠርታ የመጣች እናት ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። የገንዘብ ቁጠባው በአንዲት ሴት ጉልበት የሚከፈል ከሆነ ቁጠባ ብሎ መጥራት ያስቸግራል፤ አባትየው ሳፋው አጠገብ ከሌለ እኔ ጨርቅ አልመክርም።

ሁሉም ወይም ምንም ማለትም አያስፈልግም። ቀን ማቆያ ጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ የሚጣለውን ማድረግ ይቻላል። ከማስመዝገብዎ በፊት ግን የማቆያውን ኃላፊ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ልጆቹ በየስንት ሰዓቱ ይቀየራሉ? አንዲት ሞግዚት ስንት ልጅ ትይዛለች? መቀየሪያው ከምግብ ቦታ ምን ያህል ይርቃል? መልሱ ካረካዎት አምስት ወይም ስድስት ከሽፋኑ ጋር የተዘጋጀ ዳይፐርና የሚቋጠር ፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ አቀያየሩን ለሞግዚቷ ራስዎ ያሳዩ፤ ከዚያ የአንድ ሳምንት ሙከራ ይጠይቁ። ቆሻሻውን ማንም እዚያ እንደማያጥብ አስቀድመው ቢነግሯቸው ብዙዎቹ እሺ ማለታቸው አይቀርም።