ጫጩት የገደለ ሁሉ ፈንግል አይደለም

የሥጋ ጫጩቶች በገቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞት ሲበዛ አርቢው ቀድሞ የሚጠረጥረው ፈንግልን ነው፤ ቀጥሎ ወደ መድኃኒት መደብር ይሮጣል። የሞተችው ጫጩት ተከፍታ ስትታይ ግን ልቧና ጉበቷ ኖራ የተነሰነሰበት መስሎ፣ ኩላሊቷም አብጦና ገርጥቶ ከተገኘ ችግሩ የሆድ ዕቃ ሪህ ነው።

ዶሮ አትሸናም። ከመኖዋ ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጂን ዩሪክ አሲድ አድርጋ ከኩሷ ጋር ታስወግዳለች፤ በኩሷ ላይ የሚታየው ነጩ ነገር እሱ ነው። ኩላሊት ሲደክም አሲዱ በደም ውስጥ ተከማችቶ በሆድ ዕቃዋ ላይ ይጋገራል።

ኩላሊትን ከሚያደክሙት አንዱ ውኃ ጥም ነው። ከቢሾፍቱ ማስፈልፈያዎች ባሕር ዳር የሚመጡ ጫጩቶች ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ደርሰውም ማጠጫው ካነሰ ወይም ከፍ ብሎ ከተሰቀለባቸው ጉዳቱ ይብሳል። የመኖ ስህተትም አለ፦ የእንቁላል ጣይ መኖ እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ይይዛል፤ ለሥጋ ዶሮ የሚበቃው 1 በመቶ ገደማ ነው። “ያው መኖ ነው” ማለት እዚህ ላይ ያከስራል። የሻገተ መኖም እንዲሁ።

በዚህ ላይ ያለ ምርመራ የሚሰጥ እንደ ጄንታማይሲን ያለ መድኃኒት የደከመውን ኩላሊት ይጨርሰዋል።

ሪሁ ራሱ ከዶሮ ወደ ዶሮ አይተላለፍም፤ አንዱ መነሻው የሆነው ተላላፊ ብሮንካይተስ ግን ይተላለፋል። ለመለየት አዲስ የሞቱትን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል። ለተደራጁ ወጣቶች ጫጩት የሚያስረክቡ ኃላፊዎችም የርክክብ ሰነዱን ከመፈረማቸው በፊት በቤቱ ውስጥ ያለው ማጠጫ ውኃ መያዙን ቢያዩ ይበጃል።