ፈጣኑ መኪና በዘወትር መንገድ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ላር በተባለች ከተማ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ገና ለገበያ ያልቀረበ ባለ አራት በር የኤሌክትሪክ መኪና ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ ድረስ 26 ጊዜ በተከታታይ ተነዳ። ሩጫዎቹ በአማካይ ከ10 ሴኮንድ በታች ፈጁ። በፈጣኑና በዘገምተኛው መካከል የታየው ልዩነት 0.8 ሴኮንድ ብቻ ነበር። መኪናው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ለዓለም ይፋ የሆነው ፖርሸ ታይካን ነው።

ብዙዎች ከዚያ ወዲህ ያወሩት ስለ ፍጥነቱ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን 26ኛው ሩጫ ከመጀመሪያው ብዙም አለመለየቱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አንዴ ተስፈንጥሮ መነሳት አይቸግረውም። የሚቸግረው መደጋገሙ ነው፤ ሞተሩም፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ እንዲስማማ የሚለውጠው ኢንቨርተሩም፣ ባትሪውም ይሞቃሉ፣ ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍም ኮምፒውተሩ ኃይሉን ይቀንሳል። የፖርሸ መሐንዲሶች ሙቀቱን የሚያስወግድ ጠንካራ ማቀዝቀዣ ሠሩለት። ይኸው ለውድድር ሜዳ የታሰበ ማቀዝቀዣ ነው ባለቤቱ በጠራራ ፀሐይ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ሲቆም ወይም በጉዞ መሐል ባትሪውን በፍጥነት ሲሞላ የሚያገለግለው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ያለኝ ሐሳብም ከዚሁ ይነሳል፦ ለዘወትር ኑሮ የሚጠቅመው ለፍጥነት ሲባል የተሠራው የማይታየው ክፍል ነው። ችግር የሚያመጣው በአብዛኛው ለዓይን ሲባል የተሠራው ነው።

መጀመሪያ ጉልበቱን እንመልከት። የ2019ኙ ታይካን ተርቦ ኤስ ለአጭር ጊዜ እስከ 560 ኪሎዋት፣ ማለትም 761 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 2.8 ሴኮንድ ይበቃዋል። ይህ መኪና በሜዳ ላይ፣ በተስተካከለ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጓዝ ምን ያህሉን ይጠቀማል? የመኪናው ክብደት ወደ 2,300 ኪሎ ግራም ነው። የአየር መቋቋም መለኪያው 0.25 ሲሆን አየሩን የሚገፋው የፊት ገጹ ከ2 ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በግርድፉ ሲሰላ አየሩን ለመሰንጠቅ ከ7 እስከ 8 ኪሎዋት፣ የጎማውን መንከባለል ለመቋቋምም ከ6 እስከ 7 ኪሎዋት ያስፈልጋል። ሲደመር 14 ኪሎዋት ገደማ ነው። ይህም 19 የፈረስ ጉልበት ቢሆን ነው፤ ከጠቅላላ አቅሙ ከ40 እጅ አንዱ ብቻ። የተቀረው ኃይል ለጥቂት ሴኮንዶች ሲፈለግ እንጂ በሌላው ጊዜ ሥራ የለውም።

ይህ ስሌት ሌላም ነገር ያሳየናል። የአየር መቋቋምን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በ100 ፋንታ በ130 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከሢሶ በላይ ተጨማሪ ኃይል ያባክናል። በጀርመን አውራ ጎዳና 200 እየነዱ ባትሪው ቶሎ አለቀ ማለት መኪናው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ አየሩ ነው የሚበላው። በከተማ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ እዚህ ግባ የሚባል ተፅዕኖ የለውም፤ ወሳኙ ክብደቱና ቆም ሄድ ማለቱ ነው። 2,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሲደርስ በውስጡ የሚከማቸው የእንቅስቃሴ ጉልበት አንድ አራተኛ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የቤንዚን መኪና ፍሬን ሲይዝ ይህን ሁሉ በፍሬኑ ሸክላ ላይ ሙቀት አድርጎ ይጥለዋል። የኤሌክትሪኩ ግን ሞተሩን ወደ ጄኔሬተርነት ቀይሮ የሚበዛውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ታይካን ሲወጣ በዚህ መንገድ እስከ 265 ኪሎዋት መመለስ ይችል ነበር፣ በ2024 የታደሰው ደግሞ እስከ 400 ኪሎዋት። እንደ ኩባንያው መግለጫ በዘወትር መንዳት ውስጥ ካሉት የፍሬን አያያዞች 90 በመቶ የሚሆኑት ሸክላው ሳይነካ በሞተሩ ብቻ ይከናወናሉ።

እዚህ ላይ ፖርሸና ቴስላ የተለያየ መንገድ መርጠዋል። ቴስላ ውስጥ እግር ከፔዳሉ ሲነሳ መኪናው ወዲያው ራሱን ይገታል፣ ኃይሉንም ይመልሳል። ታይካን ግን አሽከርካሪው ካልመረጠ በስተቀር በነፃ ይንሸራተታል፤ መመለሱ የሚጀምረው ፍሬን ሲረገጥ ነው። የፖርሸ ምክንያት ፊዚክስ ነው፦ እንቅስቃሴን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩን እንደገና ወደ እንቅስቃሴ በመለወጥ ሂደት በእያንዳንዱ እርከን ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ስለዚህ መቆም ካላስፈለገ ጉልበቱን ሳይነኩ መተው ይሻላል። ለረጅም መንገድ ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ ግን እግርን ከፔዳል ወደ ፔዳል ከማመላለስ የሚያሳርፈው የቴስላው ዘዴ ይመቻል።

ስለ ሞተሩ ባሕርይ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልፈልግም። የቤንዚን የስፖርት መኪና በዝግታ ሲነዳ ይቸገራል፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ነውና በሰልፍ ውስጥ ይነቀነቃል፣ ካምቢዮው ማርሽ እየቀያየረ ያስቸግራል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ የማዞር ጉልበቱን ከዜሮ ዙር ጀምሮ ይሰጣል፣ መጠኑንም ኢንቨርተሩ በሴኮንድ ውስጥ ሺህ ጊዜ እየለካ ያስተካክለዋል። ስለዚህ 700 ፈረስ ያለው መኪና በእግረኛ ፍጥነት ሲሄድ ልክ 100 ፈረስ እንዳለው መኪና ለስላሳና ታዛዥ ይሆናል። ቀድሞ አንድ ኃይለኛ መኪና የሚፈልግ ሰው የዘወትር ምቾቱን መሠዋት ነበረበት፤ ይህ መሥዋዕትነት አሁን ቀርቷል።

ሌላው ለውድድር የተወለደ ግኝት 800 ቮልቱ ነው። በ2019 የነበሩት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች በ400 ቮልት ገደማ ሲሠሩ ታይካን በ800 ቮልት ወጣ። ኃይል ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው። 270 ኪሎዋት በ400 ቮልት ለማስገባት ወደ 675 አምፔር ያስፈልጋል፤ በ800 ቮልት ግን ግማሹ ይበቃል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሽቦው ይቀጥናል፣ መኪናው ይቀላል፣ ቻርጅ ማድረጊያውም ይፈጥናል። የ2024ቱ ታይካን እስከ 320 ኪሎዋት ይቀበላል፤ በተስማሚ ጣቢያ ከ10 ወደ 80 በመቶ ለመሙላት 18 ደቂቃ ይበቃዋል።

ከ80 በመቶ በላይ ለምን እንደሚዘገይ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ባትሪው ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች ተጉዘው በግራፋይት ንብርብሮች መካከል ይገባሉ። ባዶ ታክሲ ሲሞላ የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ዘው ብለው እንደሚቀመጡ፣ የመጨረሻዎቹ ግን ክፍት ቦታ እየፈለጉ እንደሚጋፉ ነው። አዮኖቹ ቦታ ሳያገኙ በግድ ከተገፉ በግራፋይቱ ላይ ብረት ሆነው ይለጠፋሉ፤ ይህ ባትሪውን ያስረጃል፣ ሲብስም አደገኛ ነው። ቀዝቃዛ ባትሪም ላይ ይኸው ችግር ስላለ መኪናው ወደ ጣቢያ እየተጓዘ ሳለ ባትሪውን አስቀድሞ ያሞቀዋል።

የጉዞ ርቀትን በተመለከተ ታይካን አጀማመሩ አላማረም ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ታይካን ተርቦ በአንድ ሙሌት 201 ማይል፣ ማለትም 323 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ሲያስታውቅ ብዙዎች ቅር አላቸው። በተመሳሳይ ዘመን ከአሜሪካ የመጣው ሉሲድ ኤር ይህን ችግር ከሥር ያዘው። የኩባንያው መሪ የነበሩት ፒተር ሮሊንሰን ቀደም ሲል የቴስላ ሞዴል ኤስ ዋና መሐንዲስ ነበሩ፤ ትኩረታቸውም ባትሪን ከማሳደግ ይልቅ ብክነትን መቀነስ ነበር። በ2021 ለገበያ የቀረበው ሉሲድ ኤር በዚያው የአሜሪካ መለኪያ 520 ማይል፣ ወይም 837 ኪሎ ሜትር አስመዘገበ። የሚገርመኝ ግን የ2025ቱ ትንሹ ሞዴል ነው፦ 84 ኪሎዋት ሰዓት በሚይዝ ባትሪ 420 ማይል ይሄዳል። በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 5 ማይል ወይም 8 ኪሎ ሜትር መሄድ ለዚያ ያህል ሰፊ መኪና ታላቅ ሥራ ነው። ዛሬ አብዛኛው የሉሲድ ድርሻ በሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ እጅ ሲሆን በ2023 በንጉሥ አብዱላህ የኢኮኖሚ ከተማ ፋብሪካ ተከፍቷል። ፖርሸም አልተኛም፤ በ2024 ሞተሩን፣ ባትሪውንና ጎማውን አሻሽሎ ርቀቱን እንደየሞዴሉ እስከ 35 በመቶ ከፍ አድርጎታል።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንምጣ። ታይካን ቁመቱ 1.38 ሜትር፣ ወርዱ ያለ መስታወቶቹ 1.97 ሜትር ገደማ ነው። ዝቅ ማለቱ አየሩን በቀላሉ ለመሰንጠቅና በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለመረጋጋት ይረዳል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ብሬከር ላይ ሆዱ ይነካል፣ በጠባብ ማቆሚያ ውስጥ በር መክፈት ይቸግራል፣ ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ገብተው ለመውጣት ይጨነቃሉ። ከኋላ የሚቀመጡት ሰዎች ጉልበታቸው ወደ ላይ እንዳይነሳ መሐንዲሶቹ ከባትሪው ላይ ቆርጠው የእግር ጉድጓድ ሠርተዋል፤ ይህ የረቀቀ መፍትሔ ቢሆንም ረጅም ሰው ጣሪያው መቅረቡ አይቀርለትም። ለእነዚህ ችግሮች የፖርሸ መልስ በ2021 የወጣው ክሮስ ቱሪስሞ ነው፤ ከመሬት በ20 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ፣ ከኋላም ሰፊ በር ያለው።

ቸርኬው ደግሞ የባሰ ነው። ተርቦ ኤስ ባለ 21 ኢንች ቸርኬ የተገጠመለት ሲሆን የኋላ ጎማው 305 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የጎማው ግድግዳ አጭር ስለሆነ ጉድጓድ ሲገጥመው ዱላውን የሚያለዝበው አየር ትንሽ ነው፤ ምቱ በቀጥታ ብረቱ ላይ ያርፋል። ትልቅ ቸርኬ ክብደትና የአየር ረብሻ ስለሚጨምር የጉዞውን ርቀትም ይቀንሳል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝንና ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ ጉልበት የሚያወርድ መኪና ጎማ ቶሎ መጨረሱም አይቀርም። ለፎቶ ያምራል ተብሎ የሚከፈለው ይህ ዋጋ በየዓመቱ ይደገማል። ከዚህም የሚከፋ ምሳሌ አለ፦ ቴስላ በ2021 ሞዴል ኤስ ፕላድን ሲያወጣ ክቡን መሪ አንስቶ እንደ አውሮፕላን መሪ የተቆረጠ አደረገው። መሪን በእጅ ላይ በእጅ እያሻገሩ በጠባብ ቦታ ለሚዞር ሰው ይህ እንቅፋት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ክቡ መሪ በምርጫ ተመለሰ።

ኢትዮጵያን በተመለከተ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። መንግሥት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የአዲስ አበባ የዘወትር ትዕይንት ሆኗል፤ የአገሪቱ ኤሌክትሪክም ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ነው። ከፍታውም ለኤሌክትሪክ ያደላል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር የጉልበቱን ሩብ ገደማ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ምንም አያጣም፤ የሳሳው አየር መቋቋሙንም ይቀንስለታል፣ ማቀዝቀዣው ብቻ ትንሽ ይለፋል። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ለመውጣት እንዲህ ያለ ከባድ መኪና ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ይፈጅበታል። ሲወርድ ደግሞ ከዚህ ጥሩ ድርሻ ይመለስለታል።

ቢሆንም እንቅፋቱ ሶኬት ላይ ነው። በአገሪቱ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡ ስለሆኑ መሰኪያቸው በቻይና ደረጃ የተሠራ ነው። ለአውሮፓ የተሠራ ታይካን ወይም ሉሲድ ከዚያ ጋር አይገጥምም። መሰኪያው ቢገጥም እንኳ ጣቢያው 400 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ታይካኖች ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ከ50 ኪሎዋት በላይ አይቀበሉም፤ ያ የተመሰገነ ፍጥነት እዚያ የለም። በቤት ውስጥ ግን ነገሩ ቀላል ነው። በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ይህን ተራ የግድግዳ ሶኬት በአንድ ሌሊት ይሞላዋል። ትልቁን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ቢሆን ግን ያው ሶኬት ከ40 ሰዓት በላይ ይፈልጋል።

ዋጋው ከባድ ነው፤ በ2025 በአሜሪካ ትንሹ ታይካን እንኳ ወደ 100 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። ፍላጎቱም ቀዝቅዟል። በ2021 ከ41 ሺህ በላይ ታይካኖች ለደንበኞች የተሰጡ ሲሆን በ2024 ቁጥሩ ወደ 21 ሺህ ወርዷል። ያገለገሉት ዋጋቸው በፍጥነት ስለሚወድቅ ሁለተኛው ገዢ ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠቀማል። እሱ ሊመረምር የሚገባው ባትሪውን ነው፤ ኩባንያው ለ8 ዓመት ወይም ለ160,000 ኪሎ ሜትር ከአቅሙ 70 በመቶ በታች እንደማይወርድ ዋስትና ይሰጣልና ከዚያ ውስጥ የቀረው ዘመን መታወቅ አለበት።

ለዘወትር መንገድ ምረጥ ብባል ተርቦ ኤሱን አልመርጥም። ከኋላ በአንድ ሞተር የሚነዳውን፣ ቸርኬው 19 ኢንች የሆነውን ተራውን ታይካን እመርጣለሁ። ከወንድሞቹ ይቀላል፣ የጎማው ግድግዳ ረዘም ያለ ነው፣ በ2024 ከታደሰ በኋላ በትልቁ ባትሪ በአውሮፓ መለኪያ እስከ 678 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 100 ለመድረስም 4.8 ሴኮንድ ይበቃዋል።