የወንዝ ዓሣ አጥማጅ ጫማና የሶሉ ምርጫ

በፈጣን ወንዝ ውስጥ ቆሞ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ሕይወቱን አደራ የሚሰጠው ለጫማው ሶል ነው። በውሃው ሥር ያለው ድንጋይ አልጌ ለብሶ ስለሚያዳልጥ፣ በተራ ጫማ የገባ ሰው አንድ እርምጃ ቢስት ጎርፉ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ከመልኩና ከዋጋው አስቀድሞ ሶሉን መመርመር ይገባዋል።

ለብዙ ዘመን በዚህ ረገድ የተመሰገነው ፌልት ነው። ፌልት ከሱፍ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር ተጠቅጥቆ የሚሠራ ወፍራም ጨርቅ ሲሆን፣ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ አጥብቆ ይይዛል። ይሁን እንጂ በጭቃና በርጥብ ሣር ላይ ያንሸራትታል፤ በረዶ በወደቀበት አገርም በረዶው ከሥሩ እየተጋገረ መራመድን ያስቸግራል።

ከሁሉ የከፋው ጉድለቱ ግን ውሃ መጥጦ ሳይደርቅ ብዙ መቆየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዲዲሞ የተባለው አልጌ በኒው ዚላንድ ደቡብ ደሴት በዋያው ወንዝ ተገኘ። ይህ ነጠላው በዓይን የማይታይ አልጌ በርጥብ ፌልት ውስጥ ሳይሞት ከወንዝ ወደ ወንዝ ሊሻገር ስለሚችል፣ አገሪቱ በ2008 ፌልት ተጫምቶ በወንዝ ማጥመድን ከለከለች። በአሜሪካም የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በ2018 ይህንኑ ደንብ አወጣ። የቬርሞንት ግዛት በአንጻሩ በ2011 የጣለችውን ክልከላ በ2016 አንሥታለች።

የደንቡ መለዋወጥ ንግዱንም አናግቶታል። ሲምስ የተባለው የአሜሪካ ጫማ ሠሪ ከ2010 ጀምሮ ፌልትን ትቶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ደንበኞች ስላልተዉት ጥቂት ቆይቶ መልሶ ለገበያ አቀረበው።

በፌልት ምትክ የሚቀርበው ለስላሳ የጎማ ሶል ነው። ጎማ ቶሎ ይደርቃል፤ ለማጠብም ይቀላል። ብቻውን ግን አልጌ በለበሰ ድንጋይ ላይ ከፌልት ያነሰ ስለሚይዝ የጠንካራ ብረት ችንካር ይጨመርለታል። ችንካሩ ደግሞ የጀልባን ወለል ይቧጭራል። ከዚህም የተነሣ ሶሉ እንደ ወንዙ ጠባይ የሚለዋወጥ ጫማ ተሠርቷል።

ጎማ ቢሆንም ከጥንቃቄ ነጻ አያወጣም፤ የጫማው ማሰሪያና ስፌት ውሃ ይይዛሉና። በኒው ዚላንድ የተሰጠው ምክር ዕቃው ታጥቦ ውስጡም ውጭውም ከደረቀ በኋላ ሌላ 48 ሰዓት እንዲቆይ ነው። ትራውት ከውጭ አገር መጥቶ በተራባባቸው በባሌ ወንዞች ለማጥመድ የሚመጣ እንግዳም ይህን ቢጠብቅ ለወንዞቹ ደኅንነት ይበጃል።

ጫማው በወፍራም የኒዮፕሪን ካልሲ ላይ ስለሚጠለቅ ልኩ በካልሲው ይለካ። ብልህ ነጋዴ ደንበኛውን አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የወንዙ ሥር ምን ዓይነት ነው? የስፍራውስ ደንብ ምን ይላል? ከእነዚህ አንዱ ሳይጠየቅ የተሸጠ ጫማ ወይ ገዢውን ይጥላል፣ ወይ ከወንዙ ዳር ያስመልሰዋል።